የማሼዚ ሁለተኛ ሕመም

ልሳሳት እችላለሁ። ማሼዚ መጀመሪያ ወደ ላቦራቶሪያችን በር የመጡት ረቡዕ ይሁን ሐሙስ እርግጠኛ አይደለሁም። ዣንጥላ ይዘው እንደነበር ግን አውቃለሁ፣ ወይም አውቃለሁ ብዬ አስባለሁ፤ በጃንዋሪ የደርባን ፀሐይ ዣንጥላ ታስይዛለች፣ ዝናቡም ያስይዛል፣ ስለዚህ ዣንጥላውን በኋላ እኔ ጨምሬላቸው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ነኝ፣ አንድን ነገር ሳልጠራጠር ማለፍ አይሆንልኝም። አልጋዬ ላይ ጋደም ብያለሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን ሠርቼ ጠዋት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ፣ ብርሃኑ ግን በጠርዙ ሾልኮ ይገባል፤ ከታች ያለው ጎማ ጠጋኝ ሬዲዮውን ከፍቶ የሟቾችን ቁጥር ይሰማል፣ ቀጥሎ ዘፈን፣ ቀጥሎ ደግሞ ቁጥር። ነገ ዓርብ ነው። ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ብሉፍ ኮረብታ ላይ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና አሥራ አራት ዓመት አንሶላ ያጠቡላቸውን ሴት «በሽታውን ያስገባሽው፣ ሦስቱን ሰዎች የገደልሽው አንቺ ነሽ፣ አይደለሽም» ብለው ይወስናሉ። ማሼዚን የሚያድናቸው ወረቀት እዚህ ወንበሩ ላይ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንድ ቃል ይጎድለዋል ተብያለሁ። ቃሉ «ምናልባት» ነው። አልጽፈውም።

ያኔ ማሼዚ መባላቸውንም አላውቅም ነበር። ከሌሊት ተራ ወጥቼ ወደ ታክሲው ስሄድ ዘበኛው አባባ ንዚማንዴ ጠሩኝ። «ልጄ፣ እኚህ እናት ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመዋል፣ ሕመምተኛ አይገባም ብላቸው አልሄድ አሉኝ፤ አንተ እስቲ አናግረህ ሸኛቸው» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ናቸው፤ ከሕመም ገና መነሣታቸው ቆመው ሳለ እንኳ ዳገት እንደወጣ ሰው በመተንፈሳቸው ይታወቃል። «ደሜን የምታየው አንተ ነህ?» አሉኝ። «ደም አይደለም እማማ፣ ከአፍንጫ የሚወሰደውን ነው የምናየው።» «እንግዲያው አፍንጫዬን የምታየው አንተ ነህ» አሉና ከደረታቸው ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጡ። ስማቸው ዞድዋ ንጉባኔ ይላል። ደብዳቤው የተጻፈበት ቋንቋ የሰው ቋንቋ አይመስልም፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፦ በኖቬምበር ታመሙ፣ ሳይድኑ ድኛለሁ ብለው ወደ ሥራ ተመለሱ፣ በጃንዋሪ የተገኘባቸው ያው የቆየው በሽታ ነው፣ ሰባቱ አረጋውያን የተያዙት፣ ሦስቱም የሞቱት ከእርስዎ በተላለፈ ነው፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን በኮሚቴ ፊት ይቅረቡ። እሳቸው የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው። በኖቬምበር ታምሜአለሁ፣ ሽታ ጠፍቶብኝ የተቃጠለ ምግብ አላውቅም ነበር፣ በአሥር ቀኔ ተነሣሁ፣ ክሊኒኩ ደግሞ መርምሮ ንጹሕ ነሽ አለኝ፣ ዲሴምበርን ሙሉ ሠራሁ። በጃንዋሪ ሌላ በሽታ ነው የያዘኝ፤ ያኔ ሳል ነበር፣ አሁን እሳት፤ ስድስት ቀን ኦክስጅን ላይ ነበርኩ። «ሰው ሁለት ጊዜ አይያዝም ብለውኛል። አንተ የተማርክ ነህ፣ ንገረኝ፣ ሰው ሁለት ጊዜ አይያዝም?» መልስ ከመስጠቴ በፊት ብዙ የቆየሁ ይመስለኛል። «ምናልባት ይያዛል» አልኳቸው። ደብዳቤውን መልሰው እየጠቀለሉ፣ «ምናልባትን ይዤ ነው እዚያ የምገባው?» አሉ። «ምናልባትማ እኔም ቤት አለ።»

ለምን እንደቆየሁ ለአባባ ንዚማንዴ አልነገርኩም፣ ለሥራ ባልደረባዬ ለቤኪም አልነገርኩም፣ ለማንም። ያቺን ጥያቄ ስጠየቅ ሁለተኛ ጊዜዬ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀኝ አባቴ ነው፣ በስልክ፣ ከማላዊ፣ ከሩምፊ፣ በሴፕቴምበር። ሳል ይዞት ነበር፣ የበቆሎ ገንፎው አፈር አፈር እያለው ሳምንት ሰነበተና ተሻለው። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ነገር አጣርቶ ይጠይቃል። «ሉምባኒ፣ አንተ እዚያው ውስጡ ነህ። አንዴ ያለፈው ሰው ይደገምበታል ወይ?» እኔ ያን ሳምንት ሁለት ጽሑፍ አንብቤ ነበር፣ ተደገመባቸው ስለተባሉ ሰዎች፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። ምናልባት የምትለው ቃል አፌ ላይ ነበረች። ድምፁ ደስ ስላለው ዋጥኳት። አፌን ሞልቼ «አይደገምም አባዬ፣ አለፈህ፣ አለፈህ ነው» አልኩት። «ይኸው ልጄ ነግሮኛል» እያለ በጃንዋሪ ወደ ድሮ ርእሰ መምህሩ ቀብር ሄደ፤ ቤት ውስጥ ተጨናንቀው ከዘመሩት ጋር ዘመረ፤ አፍህን ሸፍን ሲሉት «እኔ ከትምህርት ቤቱ ተመርቄአለሁ» ብሎ ቀልዷል አሉ። ጃንዋሪ 16 ቀን ሞተ። ድንበሩ ተዘግቷል፣ ቤይትብሪጅ ኬላ ላይ ሰው በዝናብ ተሰልፎ ያድራል፣ እኔ ደግሞ ሄጄ ብመለስ የሥራ ፈቃዴ መልሶ የሚያስገባኝ መሆኑን የሚነግረኝ መሥሪያ ቤት የለም፤ ስልኩ ይጠራል፣ ሙዚቃ ያሰማኛል፣ ይቋረጣል። ቀብሩን በታላቅ እኅቴ በታዎንጋ ስልክ አየሁት፤ ምስሉ እየቆመ፣ እየዘለለ። አንድ ጊዜ አካፋ አየር ላይ እንዳለ ቀረ፣ ሲመለስ ጉድጓዱ ሞልቶ ነበር። «ራስህን አትብላ» አለችኝ። «የምታውቀውን ነው የነገርከው።» አልነበረም። የማውቀውን ቀንሼ ነው የነገርኩት።

ስለዚህ የአረጋውያኑ መኖሪያ ደብዳቤ የያዘኝ በደግነት አይደለም፤ ደግ ነኝ ብዬ አልዋሽም። ዶክተር ኩፑሳሚ የክፍላችን ኃላፊ ናቸው፣ ሥርዓት የሚወዱ፣ ሳይቆጡ የሚቆጡ ሴት። ጉዳዩን ሳነሣላቸው መነጽራቸውን እንኳ አላነሡም። «በሁለቱ ምርመራ መካከል ስንት ቀን አለ?» «ስልሳ አራት።» «ከዘጠና በታች እንደ አንድ ሕመም ነው የሚቆጠረው። መመሪያው ይህ ነው፤ ከዳነ ሰው አፍንጫ ውስጥ የሞተ ቫይረስ ቁራጭ ለሳምንታት ሊገኝ ይችላል።» «ካልሆነስ?» «ካልሆነ የሁለቱን ዘረ መል አንብበህ ታሳየኛለህ። የጃንዋሪው አለ። የኖቬምበሩ የት ነው?» የኖቬምበሩ የለም። ዞድዋ ንጉባኔ ብዬ ፈለግሁ፣ በመታወቂያ ቁጥራቸው ፈለግሁ፣ ንጉባኔን በአራት ዓይነት አጻጻፍ ፈለግሁ፣ በልደት ቀን፣ በክሊኒኩ ስም፣ ቀኑን ሦስት ቀን ወደ ፊት ሦስት ቀን ወደ ኋላ እየገፋሁ። ኮምፒውተሩ አንድ ሰው ብቻ ይሰጠኛል፤ የጃንዋሪዋን። በዚህ ላይ አዲሱ ማዕበል ብዙ ናሙና ስላመጣ ከትልቁ ማቀዝቀዣ የኖቬምበር ሳጥኖች ፌብሩዋሪ 1 ቀን እንዲወገዱ ዝርዝር ወጥቷል፤ ከበሩ ላይ ተለጥፏል፣ በየሌሊቱ አነበዋለሁ። ዶክተሯ «የመጀመሪያው ከሌለ ሁለተኛ የሚባል የለም» አሉኝ፣ በቅንነት። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው ያናደደኝ።

ማሼዚ ደግመው የመጡት ማክሰኞ ነው፤ ይህን እርግጠኛ ነኝ፣ ጃንዋሪ 26፣ ጽፌዋለሁ። ምን ይዘው? የፈሳሽ ሳሙና ማስታወቂያ ያለበት የግድግዳ ካላንደር፤ በኖቬምበር የታመሙባቸውን ቀኖች በእርሳስ አክብበዋቸዋል፣ የዳኑበትን ቀን ደግሞ በቀይ። ልቀበላቸው ስወጣ አባባ ንዚማንዴ ከጎጆአቸው ሆነው «ማሼዚ፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ፣ ወደዚህ ጥላው ሥር ይምጡ» ይላሉ። ማሼዚ። ሰማሁትና አለፍኩት፣ ሁለት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። እናቴ ስትሞት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ሙንታሊ ነው፣ እኔ ሙንታሊ ነኝ፣ እሷን ግን በሕይወቷ አንድም ሰው በአባቴ ስም ጠርቷት አያውቅም። ኛጎንድዌ ነበረች፤ የጎንድዌዎቹ ልጅ። በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት የተወለደችበት ቤት ስም አይነጠቅባትም፤ በባሏ ስም የሚጠራት የመንግሥት ወረቀት ብቻ ነው። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እዚህ «ማ» የሚሉትን በየቀኑ እሰማለሁ፣ የእኛ «ኛ»፣ የእነ እንትና ልጅ ማለት መሆኑ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። «እማማ፣ በኖቬምበር ናሙና የወሰደችልዎ ነርስ ታውቅዎታለች?» «የጎረቤቴ ልጅ አይደለችም እንዴ።» «መታወቂያ ጠየቀችዎ?» ሳቁ። መጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ማየቴ ነው፣ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። «አንተ ደግሞ፣ ያሳደግኋት ልጅ መታወቂያ ልትጠይቀኝ? በባሌ ስም ንጉባኔ ብላ ብትጽፈኝ ኖሮ እናቷ ጋ ሄጄ እከስሳት ነበር።»

ሮጥኩ። ላቦራቶሪ ውስጥ አይሮጥም፣ ሮጥኩ። ቤኪ ናሙና መቀበያው ላይ ተቀምጦ ካሪ የሞላበትን ዳቦ ይበላል፤ እዚያ መብላት ክልክል ነው፣ እሱም እኔም አልተነጋገርንበትም። «ቤኪ፣ ሼዚ ብለህ ፈልግልኝ፣ ኖቬምበር 4።» «የማን ሼዚ?» «ማሼዚ። ዞድዋ ንጉባኔ።» ማኘኩን አቆመ። «አንተ ማላዊ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ኮምፒውተር ስታስጨንቅ የከረምከው ለእሷ ነው? እኔ ምን ልሠራ እዚህ ተጎለትኩ? ሴትዮዋ ማን ትባላለች ብለህ አትጠይቀኝም?» «ስሟ ወረቀቱ ላይ አለ ብዬ ነዋ።» «ወረቀቱ ላይማ የእኔም አለ፤ እናቴ ራሷ አታውቀውም።» ጻፈ። ወጣ። የአባት ስም ሼዚ፣ የራስ ስም «ማ»፣ የትውልድ ዘመን የለም፣ መታወቂያ የለም፣ ስልክ አለ። ስልኩን እሳቸው ከሰጡኝ ጋር አሃዝ በአሃዝ አመሳከርኩት፤ ደግሜ ከኋላ ወደ ፊት አመሳከርኩት። ኖቬምበር 4፣ ቫይረሱ ተገኝቷል። ኖቬምበር 19፣ በዚሁ ስም፣ አልተገኘም። ሳጥን 114፣ ሦስተኛ ረድፍ። ኮምፒውተሩ አልዋሸም፣ ነርሷም አልዋሸችም፤ አንዲቱ አክብራ ጻፈች፣ ሌላው አክብሮት አያነብም። ከሳጥኑ ውስጥ ያቺን ጣት የማታህል ብልቃጥ ሳወጣ በረዶው በጓንቱ አልፎ አቃጠለኝ። ለመወገጃው ቀን ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በጥንቃቄ ነው የሠራሁት፣ ሌላ አሠራር አላውቅም። የቫይረሱ ዘረ መል ሠላሳ ሺህ ፊደል ገደማ የሆነ ጽሑፍ ነው። ሲራባ ይገለበጣል፣ ሲገለበጥ ይሳሳታል፣ በወር ሁለት ፊደል ያህል። ስልሳ አራት ቀን አንድ ሰው ውስጥ ቢቆይ አራት ወይም አምስት ፊደል ቢለወጥ አይደንቅም። የማሼዚ ሁለቱ ጽሑፎች ሃያ ሰባት ቦታ ላይ ይለያያሉ። ቁጥሩን ሳየው አላመንኩትም፤ ሁለቱንም ከመጀመሪያው ጀምሬ በሌላ ቀን፣ በሌላ የናሙና ሳህን እንደገና አነበብኳቸው፣ ሃያ ሰባት። እኔን ያሳመነኝ ግን ቁጥሩ አልነበረም። አባቴ የሰባተኛ ክፍል ድርሰት ሲያርም ማን ከማን እንደገለበጠ በስህተቱ ነበር የሚያውቀው፤ ትክክለኛውን ሁሉም ይጽፈዋል፣ ስህተት ግን አባት አለው ይል ነበር። የሁለተኛው ልጅ ደብተር ላይ የመጀመሪያው ልጅ ስህተቶች ከሌሉ ከእሱ አልገለበጠም፣ ነፃ ነው። የኖቬምበሩ ቫይረስ የራሱ የሆኑ ዘጠኝ ስህተቶች አሉት። የጃንዋሪው አንዱም የለበትም። ከኖቬምበሩ አልተወለደም፤ ከሌላ ቤት የመጣ ነው። ከዚያ የሰባቱን አረጋውያን አነበብኩ፤ የማሼዚ የጃንዋሪው ቫይረስ ከእነሱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ላይ አንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ ሁለት ብቻ ይለያል። በዚያ ቤት ውስጥ የነበረ በሽታ ነው፣ ኖቬምበር ላይ ከነበራቸው ጋር ዝምድና የለውም። ቀጥሎ ራሴን ጠየቅሁ፣ ጠላት ሆኜ፤ ሁለቱ ብልቃጦች የአንድ ሰው ባይሆኑስ? ማ ሼዚ ሌላ ሴት ብትሆንስ፣ ስልኳን ያዋሰቻት እኅት? ማሼዚ ፈርመው ፈቀዱልኝ፣ ምራቃቸውን ሰጡኝ፣ የዝምድና ምርመራ የሚሠሩት ክፍሎች በአፍንጫው ናሙና ውስጥ የቀረውን የሰው ዘር ከምራቁ ጋር በአሥራ ስድስት ነጥብ አመሳከሩት። አሥራ ስድስቱም አንድ ሆነ፣ ለሁለቱም ብልቃጥ። የሆስፒታሉን ወረቀት አገናኘሁ፤ ትኩሳት፣ የሳንባ ፎቶ፣ የኦክስጅን መጠን፣ ስድስት ቀን። የሞተ ቁራጭ ሰውን ኦክስጅን ላይ አያስተኛም። «ከዚህ ሁሉ የሚቃወመኝ የቱ ነው?» ብዬ ፈለግሁ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ደስ አላለኝም፤ ደስታ አልነበረም። ከዚህ በፊት የማላውቀው ነገር ነበር፤ እርግጠኛ መሆን።

ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ። ዶክተር ኩፑሳሚ ሪፖርቱን ቆመው አነበቡት፣ ከዚያ ተቀምጠው አነበቡት። «ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። «ርእሱን ለውጠው። ‹የተረጋገጠ ዳግም መያዝ› አትበል፣ ‹ምናልባት ዳግም መያዝ› በል። የክፍሎቹ ኮሚቴ ሰኞ ይሰበሰባል፤ እነሱ ካዩት በኋላ ቃሉን እናነሣዋለን።» «ጉባኤው ነገ ነው፣ ዶክተር።» «አውቃለሁ።» «ሰኞ ላይ የሚነሣ ቃል ነገ ያባርራቸዋል።» «ሉምባኒ፣ ይህ ከዘጠና ቀን በታች በዚህ ላቦራቶሪ የመጀመሪያው ነው። ብንሳሳት ጋዜጣ ላይ ነን። እኔ ጡረታ ልወጣ ነው፣ አንተ ግን የሥራ ፈቃድህ በማርች ያልቃል፣ የድጋፍ ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። እያስፈራራሁህ አይደለም፤ የውጭ አገር ሰው ስለሆንክ የበለጠ እንድትጠነቀቅ ነው።» ማስፈራሪያ አልነበረም፣ እውነቴን ነው፤ ሻይ እንድጠጣ እንደሚሉኝ ባለ ድምፅ ነው ያሉት። ሰዎቹ ሁሉ በዚሁ ድምፅ ነው የሚነግሩኝ። የስደተኞች ቢሮው፣ ቤት አከራዬ፣ በታክሲው ውስጥ ያገኘኋቸው ሴትዮ፣ «አንተ ልጅ፣ እንግዳ አገር ነህ፣ ዝቅ በል።» ዝቅ ብያለሁ። ሦስት ዓመት ዝቅ ብዬ ኖሬአለሁ። በየሪፖርቱ ላይ ምናልባት፣ ይመስላል፣ ሊሆን ይችላል እያልኩ የጻፍኩ እኔ ነኝ፤ ጓደኞቼ ሲቀልዱብኝ «ሉምባኒ ስምህ ማነው ቢሉት ምናልባት ሉምባኒ ይላል» ይላሉ። ያቺን ቃል የምወድ እኔ ነኝ። ማለት ሲገባኝ አላልኳትም፣ አባቴ ቀብር ሄደ። አሁን ማለት በማይገባኝ ቦታ በላት ይሉኛል። ቃሏ የፈሪ መደበቂያ አይደለችም፤ የማይታወቅ ነገር ስም ናት። ይህ ይታወቃል። አውቀዋለሁ። ስጠራጠር ኖሬ የደረስኩበት ነው፣ ማንም መጥቶ እንደገና የሚያጠራጥርልኝ አያስፈልገኝም።

እነሣለሁ። ተነሣሁ። ሸሚዜን ለበስኩ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ቁልፍ አሳስቼ፣ ታክሲው ውስጥ ነው ያስተካከልኩት። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ዶክተር ኩፑሳሚ ቢሮ ደረስኩ፣ ተረኛ አይደለሁም፣ አባባ ንዚማንዴ «ምነው፣ አትተኛም እንዴ ልጄ?» አሉኝ፣ «ነገ እተኛለሁ አባባ» አልኩ። ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በስሜ ላይ ፈረምኩ፣ ፊት ለፊታቸው። «አልቀየርኩትም» አልኩ። «እርስዎ ካልፈረሙ አይወጣም፣ አውቃለሁ፤ ያለ እርስዎ ፊርማ አልሰድደውም። ግን ምናልባት የሚል ወረቀት ላይ የእኔ ስም አይገባም። ይጠይቁኝ።» ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። ከዚያ ጠየቁኝ፣ እንደ ፈተና። «የሰውነት መከላከያቸው ደካማ ቢሆንስ? እንደዚያ ያለ ሰው ውስጥ ለወራት ቆይቶ ብዙ ይለወጣል።» «ሆስፒታሉ መርምሯል፣ ደህና ነው፣ ገጽ አራት። ደግሞም ውስጣቸው የተለወጠ ቢሆን ዘጠኙ ስህተቶች በአንድ ጊዜ አይታረሙም፤ አረጋውያኑ ላይ ካለው ጋርም ፊደል በፊደል አይገጥምም።» «ሁለቱም ቫይረሶች በአንድ ጊዜ በኖቬምበር ይዘዋቸው ቢሆንስ?» «የኖቬምበሩን ብልቃጥ በጥልቀት አንብቤዋለሁ፤ የሁለተኛው ዱካ የለበትም፣ ገጽ ስድስት።» «ኖቬምበር 19 ያልተገኘው በናሙና አወሳሰድ ጉድለት ቢሆንስ?» «የሰው ህዋስ በበቂ ነበረበት፣ አወሳሰዱ ደህና ነው። ቢጎድል እንኳ ሌላው ሁሉ ይቆማል።» ገጾቹን መልሰው ገለጡ።  «ይህን ሁሉ ራስህን ጠይቀህ ነበር?» «ከዚህም የባሰውን።» ብዕራቸውን አወጡ፣ ከመፈረማቸው በፊት ርእሱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፣ «የተረጋገጠ» የሚለው ላይ። «ሰኞ ኮሚቴው ሲጮህብኝ አጠገቤ ትቀመጣለህ» አሉ። ፈረሙ። ቤኪ በራሱ ሞተር ብሉፍ ድረስ ወሰደው፤ ተቀብለናል የሚል ማኅተም አስመትቶ ፎቶውን ላከልኝ፣ ከሥሩ «የማላዊ መልእክተኛ ሆኜ ቀረሁ» ብሎ።

ያን ማምሻ ለታዎንጋ ደወልኩ። በድምፅ መልእክት ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ ፈርቼ፤ ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፣ ደወልኩ። «እቴ፣ ይደገማል» አልኳት። «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይያዛል። ዛሬ ለአንዲት ለማላውቃቸው ሴት ራሴ አረጋግጬ ፈርሜአለሁ። በሴፕቴምበርም ሊሆን እንደሚችል አንብቤ ነበር፣ ለአባዬ ግን አይደገምም አልኩት።» ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ውሃ ሲቀዳ። «ስለዚህ አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ ልትለኝ ነው የደወልከው?» «እንደዚያ ሊሆን ይችላል።» «በሴፕቴምበር የያዘው ያ በሽታ ነበር?» «አላውቅም። አልተመረመረም።» «በጃንዋሪስ?» «አልተመረመረም።» «ብልቃጥ አለህ?» «የለኝም።» «እንግዲያው ምኑን ነው የምትፈርመው?» አለችኝ፣ ተቆጥታ፣ የአባታችንን ድምፅ ነው የያዘችው። «ዋሽተኸዋል፣ እሱን ተሸከም፣ አልቀበልህም። ሞቱን ግን ሳታውቅ ለራስህ አትጻፍ። እዚያ ለማታውቃት ሴት ሳታጣራ የማታደርገውን እዚህ ለራስህ አታድርግ።» አለቀስኩ መሰለኝ። እሷ አላለቀሰችም፤ «በል ውሃው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው» ብላ ዘጋችው።

ዓርብ ዕለት አልተገኘሁም፣ አልተጠራሁም። ማሼዚ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ መጡ፣ እንደሠርገኛ ለብሰው፣ ባርኔጣ ሁሉ አድርገው። ክሱ ተነሥቷል። ሰብሳቢው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ «እርግጠኛ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ፣ ጸሐፊዋ «የተረጋገጠ ይላል» አለችው፣ አለቀ። ሰኞ ሥራ ይግቡ ተባሉ። «እገባለሁ» አሉኝ። «በዋናው በር ነው የምገባው፣ በጓሮው አይደለም። ይቅርታ ማለት የሚችል ሰው እዚያ ካለ እንዲያየኝ።» አባባ ንዚማንዴ ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። ተቀምጠው ሲነሡ፣ ልክ እንደ ተራ ነገር፣ «ሦስተኛ የሞቱት የዘጠኝ ቁጥር ክፍሉ ሰውዬ ያሳዝኑኛል» አሉ። «ጃንዋሪ 4 ሰኞ አልጋቸውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ አንሶላው በላብ ርሶ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ምን ሆኑ ብላቸው፣ ልባቸው ነው፣ ዝም ብለሽ እጠቢ አሉኝ።» እሳቸው ሄዱ፤ እኔ ቀኑን ጻፍኩት።

እኔ ከሳሽ አይደለሁም። ማን ለማን እንዳስተላለፈ ዘረ መል ብቻውን አይናገርም፤ ሰውዬው ከማን እንደያዛቸውም አላውቅም፣ እዚህ ላይ ምናልባት እላለሁ፣ ደጋግሜ። ይህንን ማንም አጣራልኝ አላለኝም። ሰኞ፣ ከኮሚቴው ስብሰባ ስወጣ፣ ዶክተር ኩፑሳሚን አስፈቅጄ የውጤት መላኪያውን መዝገብ ከፈትኩ፤ እሳቸውም ከኋላዬ ቆመው አብረውኝ አነበቡ። የዘጠኝ ቁጥሩ ሰውዬ ናሙና የተወሰደው ቅዳሜ ጃንዋሪ 2 ነው። ቫይረሱ ተገኝቷል የሚለው ውጤት ለመኖሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ በኢሜይል የተላከው እሁድ ጃንዋሪ 3 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው፤ የተከፈተውም ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ነው።